ሃይንሪሽ አንበሳው የተሻረው በፍትሕ ነው ወይስ በግፍ?

አወያይ፦
የዛሬው ክርክራችን ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ይወስደናል። ሃይንሪሽ፣ «አንበሳው» የሚባለው፣ ከ1142 ጀምሮ የሳክሶኒ፣ ከ1156 ጀምሮ ደግሞ የባቫሪያ መስፍን ነበር። በዘመኑ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ በጀርመን ምድር እሱን የሚያህል ኃያል አልነበረም። በጥር 1180 ግን ቩርዝቡርግ ላይ የተሰበሰቡ መሳፍንት ፈረዱበትና ሁለቱንም ግዛት ተነጠቀ። በሹም ሽሩ አናት ላይ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ የገዛ አክስቱ ልጅ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፍርዱ ትክክል ነበር? መድረኩ የእናንተ ነው።

የብራውንሽቫይጓ፦
ግፍ ነው! የምኖረው እሱ መናገሻው ባደረጋት ከተማ ስለሆነ ለሱ ማድላቴ ነው እንዳትሉኝ፤ ማን ምን እንደወሰደ ብቻ ተመልከቱ። ኤፕሪል 13 ቀን 1180 ጌልንሃውዘን ላይ ሳክሶኒ ለሁለት ተሰነጠቀች። ምዕራቡን የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ፊሊፕ ወሰደ። ምሥራቁን የአንሃልቱ በርንሃርድ። በዚያው ዓመት በመስከረም ባቫሪያ ለቪተልስባኩ ኦቶ ተሰጠች። ፊሊፕ ማነው? ከሃይንሪሽ ጋር ጦር የተማዘዘ፣ ከከሳሾቹም ዋናው። የበርንሃርድ ቤተሰብስ? ሳክሶኒን ለራሳቸው ሲመኙ የኖሩ ናቸው። ከሳሹ ራሱ ወራሽ ከሆነ ምኑን ችሎት ሆነ?

የሕግ ተማሪው፦
እህቴ፣ የተጠቀመውን ማየት ተገቢ ነው፤ ግን ተከሳሹ ምን አደረገ? በጥር 1179 ቮርምስ ተጠራ፤ አልመጣም። ማግደቡርግ ተጠራ፤ አልመጣም። ካይና ተጠራ፤ አሁንም አልመጣም። ቩርዝቡርግ ላይም ወንበሩ ባዶ ነበር። ሳክሶኒን የከፈለው የጌልንሃውዘኑ የንጉሠ ነገሥት ደብዳቤ ጥፋቱን በግልጽ ይዘረዝራል፦ የአብያተ ክርስቲያናትንና የባላባቶችን መሬት ቀምቷል፣ መብታቸውንም ገፏል፤ ተጠርቶ ባለመቅረቡ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱን ንቋል።

ሁለቱ መስፍንነቶች ጉልት እንጂ ርስት አልነበሩም። ንጉሥ የሰጠውን ንጉሥ ያነሳል። ርስቱን፣ ማለትም ብራውንሽቫይግንና ሉነቡርግን፣ መጨረሻ ላይ ማንም አልወሰደበትም። ይሄ የዘረፋ ችሎት ቢሆን ኖሮ እነሱም ባልተረፉ ነበር።

የብራውንሽቫይጓ፦
ያልመጣበትን ምክንያት ግን ዘለልከው። የሉቤኩ አርኖልድ በዜና መዋዕሉ እንደጻፈው ሃይንሪሽ ትውልዴ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ካለው ከሽቫበን ስለሆነ ልዳኝ የሚገባኝ በትውልድ አገሬ ነው ብሎ ተከራክሯል። ያ የሕግ ጥያቄ ነው፤ ሽሽት አይደለም። ይኸው አርኖልድ ሌላም ነገር ይነግረናል። ሃይንሪሽ ንጉሠ ነገሥቱን ሃልደንስሌበን አጠገብ ለብቻው አግኝቶት ነበር። ባርባሮሳም 5,000 ማርክ ብር ክፈልና ከመሳፍንቱ ጋር አስታርቅሃለሁ አለው። ገንዘቡ በዛብኝ ብሎ እምቢ አለ። እስቲ ንገረኝ፣ በ5,000 ማርክ የሚሰረዝ ክስ ምን ዓይነት ወንጀል ነው?

የሕግ ተማሪው፦
በዚያ ዘመን የንጉሥን ቁጣ በካሳ ማብረድ የተለመደ ነበር። እኔ እንደሚታየኝ ታሪኩ የሚያሳየው የባርባሮሳን ስግብግብነት ሳይሆን የመታረቂያ በር ተከፍቶለት እንደነበር ነው። ያልገባበት እሱ ነው።

ከሙኒክ፦
እኔ በዘረፋው በኩል ልግባ፤ የምኖርበት ከተማ የቆመው በሱ ላይ ነውና። ኢሳር ወንዝ ላይ፣ ፎሪንግ በሚባል ቦታ፣ የፍራይዚንግ ጳጳስ ድልድይና ኬላ ነበረው። ጨው የጫኑ ነጋዴዎች እዚያ እየከፈሉ ይሻገሩ ነበር። ሃይንሪሽ ድልድዩን አፈረሰ። መሻገሪያውን፣ ገበያውንና የገንዘብ ማተሚያውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ፣ ሙኒክ ወደሚባል ሰፈር አዛወረ። ጳጳሱ አቤት አለ። ሰኔ 14 ቀን 1158 አውግስቡርግ ላይ ባርባሮሳ ፈረደ፦ ገበያው ሙኒክ ይቆይ፣ ከገቢው ሲሶው ለጳጳሱ ይሰጥ። ሙኒክ ዛሬም ልደቷን የምትቆጥረው ከዚህች ቀን ነው።

አሁን ልብ በሉ። ያ ጳጳስ፣ የፍራይዚንጉ ኦቶ፣ ለባርባሮሳ የአባቱ ወንድም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የአጎቱን ድልድይ ላፈረሰው ለእናቱ ወንድም ልጅ ሲሶ አስከፍሎ አሳለፈለት። ለምን? ሃይንሪሽን ይፈልገው ነበራ። በ1155 ሮም ውስጥ ዘውድ በጫነበት ዕለት ሕዝቡ ሲነሳበት የሃይንሪሽ ሳክሶናውያን ደርሰውለታል። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ የመሳፍንቱን አቤቱታ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። በ1180 ግን ያው የድልድይ ጉዳይ እንደገና ተነሳና ሬገንስቡርግ ላይ ውሳኔው በወረቀት ተገለበጠ። ድርጊቱ አንድ፣ ዳኛው አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት። ሃይንሪሽ ጥፋተኛ ነበር ባይ ነኝ። ፍትሕ ግን ጥፋቱ በተፈጸመ ጊዜ የሚጠየቅ እንጂ ወዳጅነቱ ሲሻክር የሚመዘዝ አይደለም።

አስጎብኚው፦
ወዳጅነቱ ለምን ሻከረ? በሰሜን ጣልያን ኪያቬና ላይ በሆነው ነዋ። በ1176 መጀመሪያ ባርባሮሳ ከሎምባርዲ ከተሞች ጋር ሊዋጋ ጦር ሲያጣ ሃይንሪሽን ለመነው። ጉልበቱ ሥር እስከመውደቅ ደርሷል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ሃይንሪሽም ጎስላርን ካልሰጠኸኝ አለ። ጎስላር የራመልስበርግ የብር ማዕድን ያለባት ከተማ ናት። ንጉሡ እምቢ አለ፤ በግንቦት ሌኛኖ ላይ ተሸነፈ። ዘመድ በጭንቅ ቀን ዋጋ አይቆርጥም!

ደግሞም ሰውየው ዘውድ ይመኝ ነበር። እሱ ያሠራውን የወንጌል መጽሐፍ ሥዕል ያየ ይመሰክራል። ከላይ የእግዚአብሔር እጆች ወርደው ለሱና ለሚስቱ ለማቲልዳ ዘውድ ይጭኑላቸዋል። ከሱ ኋላ አያቱ ንጉሠ ነገሥት ሎታር፣ ከሷ ኋላ አባቷ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ቆመዋል። ይህ የተራ መስፍን ሥዕል ነው?

የሕግ ተማሪው፦
ጋሼ፣ ባንድ ወገን ነንና መቃወሜ ይከብደኛል፤ ግን ኪያቬናን አናንሳው። የጌልንሃውዘኑ ደብዳቤ ስለ ኪያቬና አንዲት ቃል አይተነፍስም። ያን ጊዜ እንዲዘምት የሚያስገድደው ግልጽ ግዴታ ነበረበት ማለትም አይቻልም። በዚህ ላይ ከቆምን ፍርዱን የበቀል ፍርድ እናደርገዋለን፤ ክርክሩን ለብራውንሽቫይጓ እህታችን አሳልፈን ሰጠን ማለት ነው።

የብራውንሽቫይጓ፦
እሰየው! ሥዕሉን በተመለከተ ግን ጋሼ፣ ብዙ ተመራማሪዎች መጽሐፉን የሚያስቀምጡት በ1188 ገደማ ነው። ያ ከተሻረ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሁሉን ያጣ ሽማግሌ ከእግዚአብሔር የሚጠብቀው ዘውድ የሰማዩን እንጂ የጀርመንን አይመስለኝም። በ1983 ለንደን ውስጥ በጨረታ ሲቀርብ ጀርመኖች ከ32 ሚሊዮን ማርክ በላይ ከፍለው አስመልሰውታል። ይህን ያህል የተከፈለው ለከሃዲ ማስታወሻ አይደለም።

ከሉቤክ፦
ሁላችሁንም በትዕግሥት አነበብኳችሁ። ጳጳሱ፣ ሊቀ ጳጳሱ፣ ንጉሡ፣ የአክስት ልጅ። ስላቮቹ የት ሄዱ? ከኤልበ ወንዝ ማዶ የነበሩት ኦቦድሪቶች በዚህ ሰው ጦር ነው አገራቸውን ያጡት። በ1147 በመስቀል ጦርነት ስም ዘመተባቸው። በ1160 መሪያቸው ኒክሎት ተገደለ። በ1164 ልጁን ቨርቲስላቭን ማልሆ ላይ ሰቀለው። ሄልሞልድ የሚባል የዘመኑ ቄስ፣ ያውም ለሃይንሪሽ ክፉ የማይመኝ፣ ስለ ዘመቻዎቹ ሲጽፍ ስለ ክርስትና ምንም አልተነሳም፣ ስለ ገንዘብ ብቻ እንጂ ብሏል።

ከከሳሾቹ አንዱ እንኳ ይህን አንስቶ ነበር? አላነሳም። ስለዚህ ለእኔ ፍርዱ ግፍም ፍትሕም አይደለም፤ ባለመሬቶች በመሬት ተጣሉ፣ አለቀ። ሰውየውን ጀግና ስታደርጉ ደግሞ ተጠንቀቁ። በ1935 ናዚዎች ብራውንሽቫይግ ካቴድራል ውስጥ መቃብሩን አስቆፍረው ሂትለር ራሱ መጥቶ ጎብኝቶታል። የወደዱለት ወደ ምሥራቅ መስፋፋቱን ነው።

የብራውንሽቫይጓ፦
ይህ ከባድ ነው፤ አልከራከርበትም። ለተሰቀለው ሰው ማንም አልጮኸም። ግን እኮ ይህም የኔን ነገር ያጠናክራል። ችሎቱ እውነተኛ ቢሆን ትልቁን ደም ይጠይቅ ነበር። የጠየቀው የባላባቶችን ድንበር ነው። ናዚዎቹን ግን ለሱ አታሸክመው፤ 740 ዓመት በኋላ የመጡ ናቸው።

ከሙኒክ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ታሪክ አዋቂዎቹም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ ተጣልተዋል። ሃይንሪሽ ፎን ዚብል ንጉሠ ነገሥቶቹ ጣልያን ጣልያን ሲሉ የአገራቸውን ጉልበት አባከኑ አለ። ዩሊዩስ ፊከር ተነስቶ ተቃወመው። ከዚያ ወዲህ ባርባሮሳ የደቡብ፣ ሃይንሪሽ የምሥራቅ ምልክት ተደርገው ቀሩ። ሁለቱ ሰዎች ግን በዘመናቸው እንዲህ አላሰቡም። ስለዚህ ወደ ሰነዶቹ እንመለስ።

የሕግ ተማሪው፦
እስማማለሁ። ሰነዶቹ ደግሞ አንድ ነገር ያሳያሉ፦ ከፍርዱ በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ጦርነት ሲገጥም የራሱ ሰዎች ጥለውት ሄዱ። ባላባቶቹና ሎሌዎቹ ምሽጎቹን ለንጉሠ ነገሥቱ አስረከቡ። በኅዳር 1181 ኤርፉርት ላይ ባርባሮሳ እግር ሥር ሲወድቅ አብሮት የቀረ ጥቂት ነበር። በግፍ የተሻረ ጌታ እንዲህ ባዶ እጁን አይቀርም። በ1182 ወደ አማቱ ወደ እንግሊዙ ንጉሥ ተሰደደ።

ከሉቤክ፦
እኔ ለሃይንሪሽ የማልከራከር ሰው ነኝ፤ ይሄኛው ግን ትክክል አይደለም። በ1181 በጋ ባርባሮሳ ሉቤክን ሲከብ ከተማዋ ወዲያው እጇን አልሰጠችም። መጀመሪያ ወደ መስፍናችን እንላክ ብለው ፈቃድ ጠየቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ፈቀደ። መልእክተኞቹ ሃይንሪሽ ወዳለበት ወደ ሽታደ ከተማ ሄደው ምን እናድርግ አሉት። አስረክቡ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው በሩ የተከፈተው። ባላባቶቹ ከዱት፤ ልክ ነህ። ነጋዴዎቹ ግን በ1159 ከተማቸውን ዳግም ያቋቋመላቸውን ሰው ሳይጠይቁ አልተንቀሳቀሱም። ያ ከተማ ያደገው ስላቮቹ በተነቀሉበት ምድር ላይ መሆኑን ደግሞ እኔ እዚህ እየኖርኩ አልረሳውም።