ልጁ ንግድ ይወዳል፤ ክረምቱን ባልትና ሱቅ ቢውል ያዋጣዋል? (ጎንደር)

ዘአራዳ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 10ኛን ጨርሷል። ሐሳቡ ሁሉ ንግድ ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባልትና የምትሸጥ ዘመዳችን ክረምቱን እንዲያግዛት ጠይቃናለች። አባታችን ግን «ብር የለመደ ልጅ ደብተር አይገልጥም» ብሎ ከልክሏል። ሱቅ መዋሉ ነገ ለራሱ ሥራ እውነት ይጠቅመዋል? ከ12ኛ በኋላስ ማኔጅመንት ይሻለዋል ወይስ ቴክኒክና ሙያ?

መዝገብ ያዥ
ባንኮ ጀርባ ቆሞ ሽሮ ሲመዝን ከከረመ የሚለምደው ሽያጭ ብቻ ነው። ጀማሪ ነጋዴ የሚከስረው ግን ብዙውን ጊዜ ሲገዛ፣ ዋጋ ሲተምንና ዱቤ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ዘመዳችሁን ከወዲሁ አነጋግሯት።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሳጥኑን ይቁጠር። ጠዋት ከነበረው ላይ የቀኑን ሽያጭ ደምሮ፣ የወጣውን ቀንሶ፣ እጁ ላይ ካለው ጋር ያስተያይ። ልዩነት ሲመጣ ሌባ ፍለጋ አይሂድ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለእቁብ ወይም ለቤት አስቤዛ ተነስቶ ያልተጻፈ ብር ነው፣ አለዚያም በቴሌብር በባለሱቋ ስልክ ላይ የገባ ክፍያ። ቀጥሎ የዱቤ መዝገቡን ይረከብ፦ ስም፣ ቀን፣ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን። የመጨረሻዋን ብዙ ሱቅ አይጽፋትም፤ ዱቤው የሚሰምጠውም እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ግዢ ያስይዙት። ለምሳሌ 20 ኪሎ ዛላ በርበሬ በ400 ብር ገዛ እንበል፤ 8,000 ብር። ተቀንጥሶና ደርቆ 17 ኪሎ ቀረ። ቅመሙ 1 ኪሎ ጨመረ፤ ቅመም፣ ወፍጮና ጉልበት 1,900 ብር ፈጀ። 9,900 ለ18 ሲካፈል ኪሎው 550 ብር ይቆማል። በገዛው 20 ኪሎ የሚያካፍል ልጅ 495 ያገኝና በ530 ሸጦ 35 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ በኪሎ 20 ብር እየከሰረ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በራሱ ሚዛን ካየው አይረሳውም።

መምህር ዘማራኪ
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ አባትየውም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ 18 ያልሞላው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሠራ አይፈቅድም። ዘመድ ናት ተብሎ ልኩ አይለፍ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ቅዳሜ ብቻ ይበቃዋል።

አስተዳደግ ለውጥ ማምጣቱ በጥናት የታየ ነው። በስዊድን በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ልጁ የራሱን ሥራ እንዲጀምር ከወለዱት ይልቅ ይበልጡን የሚገፋው ያሳደጉት ወላጆች ነጋዴነት ሆኖ ተገኝቷል። በሎሜ፣ ቶጎ፣ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በሦስት ተከፍለው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ራስን አነሳሽነት (ዕድል መፈለግ፣ ከሌላው መለየት፣ እንቅፋትን ቀድሞ ማሰብ) የሠለጠኑት ትርፋቸው ካልሠለጠኑት 30 በመቶ ሲበልጥ፣ የተለመደውን የሒሳብና የገበያ ሥልጠና የወሰዱት እርግጠኛ የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ይህ ማለት መዝገብ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ብቻውን አይበቃም እንጂ።

ደግሞም አትቸኩሉ። በአሜሪካ እጅግ ፈጥነው ያደጉ ድርጅቶች መሥራቾች ሲጀምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 ነበር፤ በዚያው የሥራ መስክ ቀድመው የሠሩት ደግሞ የተሻለ ቀንቷቸዋል። እኛም አገር ወደ 1,000 ወጣቶች ላይ በተደረገ ሙከራ 300 ዶላርና አጭር ሥልጠና ያገኙት በአንደኛው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ጨምሮ፣ በአምስተኛው ዓመት ከሌሎቹ ጋር ተስተካክለዋል። መነሻ ብር ብቻውን ሩቅ አይወስድም።

ወፍጮ ቤት
ስለ ትምህርቱ፦ ባልትና ላይ ከጸና፣ ምግብ ማቀነባበር ያለበት ቴክኒክና ሙያ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ሱቅ የማያስተምረው ነገር አለ። እርጥበት ይዞ የተከመረ በርበሬ ይሻግታል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ደግሞ ሻጋታውን አራግፈው ቢፈጩትም ሆነ ቢያበስሉት አይጠፋም። ሲመዘገብ ግን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የትብብር ሥልጠናው (ድርጅት ውስጥ እየሠሩ የሚማሩት) የት ድርጅት ነው? ማሽኑ ይሠራል ወይስ ተሸፍኖ ተቀምጧል? ሥልጠናው በአብዛኛው ተግባር ነው ተብሎ ጥሬ ዕቃ ስለሌለ በቾክ የሚያልቅበት ቦታ አለ። ዩኒቨርሲቲ ከመረጠም ከማኔጅመንት አካውንቲንግ ይቅደም፤ ማኔጅመንቱን ሱቁ ግማሹን ይሰጠዋል።

ዘአራዳ (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ። ግዢ ተሰጥቶት ቢያከስራትስ?

መዝገብ ያዥ
ጣሪያውን ቀድማ ትወስን፤ ለመጀመሪያው ጊዜ ከ5 ኪሎ አይብለጥ። ከከሰረ ከደመወዙ አትቁረጥበት፤ ከቆረጠች ቀጣዩን ግዢ ፈርቶ መልሶ ለሷ ይተወዋል። የት እንደጎደለ በጽሑፍ ያሳያት፦ ዋጋው ላይ ነው፣ ሚዛኑ ላይ ወይስ ሲደርቅ? ካሳየ በኋላ ሌላ 5 ኪሎ ትስጠው።