ጥቆማ፦ ከእናቴና ከልጄ ጋር ለሦስት ቀን ጎንደር

ፍኖተ ሰላሜዋ፦ ሰላም የአገሬ ልጆች። እናቴ "ጎንደርን ሳላይ አልሞትም" ብላ ይዛኛለች። እኔ፣ እሷና የ8 ዓመት ልጄ ነን። ሁለት አዳር። አልጋ ፒያሳ ይሻላል ወይስ ጎሃ ኮረብታ ላይ? አስጎብኚ እንያዝ ወይስ ብቻችንን እንዙር? የእናቴ ጉልበት ዳገት አይወድም።

የቡሬው፦ ፒያሳ ያዢ። ፋሲል ግቢ በእግር ይደረሳል፣ ባጃጁም ደጅሽ ላይ ነው። ጎሃ እይታው ሌላ ነው፤ ከተማው እግርሽ ሥር ተዘርግቶ ይታይሻል። ግን ለመውጣትም ለመውረድም መኪና ነው። እኔ ብሆን አዳሬን ፒያሳ አድርጌ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለአንድ ቡና ብቻ ጎሃ እወጣለሁ።

ዳንግላ፦ አልጋውን ተዪውና መኪናውን አስቢ! ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እኛን ወረታ ላይ ሸጡን። ረዳቱ "ጎማ ተበላሽቷል" ብሎ አወረደን፣ ከሌላው ረዳት ብር ተቀበለ፣ በሞላ መኪና ላይ ጠቀጠቀን። እሱስ ይሁን። ጣሪያ ላይ የጫንኩት ጀሪካን ግን ከመጀመሪያው መኪና ጋር ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። 10 ኪሎ ማር! ለአክስቴ የያዝኩት። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሰከላ፦ የምን ማር ነበር?

ዳንግላ፦ ኅዳር የተቆረጠ፣ የአደይ አበባ።

ሰከላ፦ ወይኔ።

እንጅባራ 23፦ ማር ጣሪያ ላይ ይጫናል እንዴ? እግር ሥር ነው እንጂ። እኛ ቤት ቅቤም ቢሆን ጭናችን ላይ ነው የሚሄደው።

የማርቆስ ሰው፦ ለመሆኑ ጎንደር ምን ፍለጋ? የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አለ። እቴጌ እሌኒ ያሠሯትን መርጡለ ማርያምን ስንቶቻችሁ አይታችኋል? የራሳችንን ሳናይ!

የቡሬው፦ ሴትዮዋ ጎንደር ልትሄድ ተሳፍራለች፣ አንተ ለማርቆስ ትሸጣታለህ። ረዳት ነህ እንዴ?

የጎንደር ምራት፦ እታለም፣ እኔ ጎጃም ተወልጄ ጎንደር የተዳርኩ ነኝ። ፋሲል ግቢን ፀሐይ ሳትበረታ ጠዋት ግቡ። አጥሩ ብቻ 900 ሜትር ነው፤ እናትሽ ግንብ ሁሉ ልውጣ እንዳይሉ፣ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ። አስጎብኚ ያዢ። የትኛው የአፄ ፋሲል፣ የትኛው የልጅ ልጃቸው የኢያሱ፣ የትኛው የበካፋ እንደሆነ የሚነግርሽ ከሌለ ድንጋይ ቆጥሮ መመለስ ነው። ዋጋውን ግን በር ላይ ጨርሺ። ከሰዓት በባጃጅ ወደ ፋሲል መዋኛ። የግቢውን ትኬት እንዳትጥዪው፣ እዚያም ይጠየቃል። ጥምቀት ካልሆነ ውሃ የለውም፤ ለልጁ ቀድመሽ ንገሪው፣ የኔው አልቅሷል። ግንቡን ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች ሲያይ ነው ዝም ያለው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለሁለተኛው ቀን ጠዋት አድርጉት። የመላእክት ፊት ጣሪያውን ሞልቶታል፣ አንገት እስኪደክም ያያሉ። በ1880 ዓ.ም ደርቡሽ ከተማውን ሲያቃጥል ይህችን ቤተ ክርስቲያን ንብ ወጥቶ አዳናት ይባላል።

ስለ መኪናው፦ ሦስት ብቻ ከሆናችሁ ኮንትራት ይከብዳል። ሌላ ቤተሰብ ካገኛችሁ ግን ያዋጣል፤ እንፍራንዝ አካባቢ ቆማችሁ የጉዛራን ግንብ ታያላችሁ። ከጎንደር ግንቦች በፊት የተሠራ ነው። የመንገዱን ነገር ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ጠይቁ።

ዳንግላ፦ ንቦቹ ደርቡሽን አባረሩ። የኔን ረዳት ግን አንዲትም ንብ አልነካችው፣ ማራቸውን ይዞ ሲሄድ።

ጢስ ዓባይ፦ ምግብ ያነሳ የለም እንዴ? አራዳ ገበያ ጎን የእትዬ ሽሮ ቤት አለች። ሌላ ቦታ እንዳትበሉ። 12 ዓመት እዚያ ብቻ ነው የበላሁት።

እንጅባራ 23፦ ሌላ ቤት ሞክረህ ታውቃለህ?

ጢስ ዓባይ፦ ለምን ብዬ?

እንጅባራ 23፦ ታዲያ በምን አወዳደርከው?

ጢስ ዓባይ፦ በሽሮው።

የጎንደር ምራት፦ ቤቷን አውቃታለሁ። ሽሮው መልካም ነው። መቀመጫው ግን ዱካ ነው፣ ለእናትሽ ጉልበት አስቢ።

ጢስ ዓባይ፦ ዱካው ነው ሽሮውን የሚያጣፍጠው።

ፍኖተ ሰላሜዋ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ አልጋውም ስለ ግንቡም ምንም አላለችም፣ ንቦቹ ላይ ስትደርስ ግን እንባዋ መጣ። ለሥላሴ ጧፍ ይዘን እንሂድ ትላለች። ከዚህ እንያዝ ወይስ እዚያ ይገኛል?

የጎንደር ምራት፦ ይገኛል፣ ደጁ ላይ።

ዳንግላ፦ ከዚህ ከያዛችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። ጣሪያ ላይ እንዳትጭኑ።