ማስታወቂያ ልለቅ ነው፤ ዌብሳይቴ ላይ መጀመሪያ ምን ልፈትሽ?

የኮምቦልቻዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ኮምቦልቻ ውስጥ ሶፋ፣ ቡፌና ቁም ሳጥን እንሠራለን። ዌብሳይታችን አልቋል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የፌስቡክ ማስታወቂያ ልለቅ ነው። የሠራልን ልጅ «ሁሉም ዝግጁ ነው» ብሎኛል፤ በላፕቶፕ ሳየውም ያምራል። ብሬ ከመውጣቱ በፊት ምን ልይ?

የጦሳ ልጅ፦ ላፕቶፑን እርሺው እህቴ። ማስታወቂያሽን የሚያየው ሰው ደሴ ፒያሳ ታክሲ እየጠበቀ፣ በስልኩ ነው። ዋይፋይ አጥፊና በዳታ፣ ያውም በርካሽ ስልክ ክፈቺው። ሊንኩን በሜሴንጀር ለራስሽ ላኪና ከዚያው ተጫኚው። ፌስቡክ ገጹን በራሱ ውስጥ ስለሚከፍተው አንዳንድ ቁልፍ እዚያ ላይ አልሠራ ይላል። የፎቶዎቹንም ክብደት እዪ።

የኮምቦልቻዋ፦ ጉድ ነው! የአንዱ ሶፋ ፎቶ ብቻውን 6 ሜጋባይት ሆኖ አገኘሁት።

የጦሳ ልጅ፦ በይ እንግዲህ። አሳንሰሽ፣ ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት) አድርገሽ ከ200 ኪሎባይት በታች አውርጂው። ለስልክ ይበቃል።

እመት ሱቅ፦ «ደውል» የሚለውን ራስሽ ተጫኚው። +251 ጽፎ ዜሮዋን ማውጣት የሚረሳ መዓት ነው። +25109 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አይጠራም፤ ለሞባይል ከ+251 ቀጥሎ 9 ወይም 7 ነው የሚመጣው። ቁጥሩ ፎቶ ላይ ብቻ ከተጻፈማ ማን ገልብጦ ይደውልልሻል? ደግሞ በአላህ «ዋጋ በውስጥ» እንዳትዪ! ቢያንስ «ከዚህ ብር ጀምሮ» በዪ። ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ደሴ ድረስ የማድረሻውን ማን እንደሚከፍልም ጻፊ። እኔ ይህን ያላገኘሁበትን ገጽ ወዲያው ነው የምዘጋው።

ሰኞ ገበያ፦ እኔ ብሆን ዌብሳይቱን ትቼ ደንበኞቹን ቴሌግራም ቻናል ላይ ነበር የማስገባቸው።

እመት ሱቅ፦ ቻናሉም ይኑር። ግን የሶፋ ዋጋ ለማየት የሦስት ወር ፖስት ወደ ኋላ የሚገለብጥ ሰው የለም።

ኮድ ጸሐፊው፦ ሰዓቱ እንዳይረሳ። ገጽሽ ላይ «ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ምሽቱ 12፡00» ትክክል ነው። ጎግል ማፕ ላይ ግን በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 8፡00 እና ምሽት 6፡00 ብለሽ ሙዪ። 2 ካልሽው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሱቅ ትከፍታለች ይላል። የሶፋ ማስታወቂያ የተጫነ ሰው ደግሞ ቀጥታ ሶፋው ገጽ ላይ ይረፍ፤ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጥለሽው ራስህ ፈልግ አትበዪው። የመልእክት ፎርም ካለም አንድ ላኪበትና የት እንደሚደርስ እዪ። ብዙ ጊዜ ኢሜይል ላይ ስፓም (የማይፈለግ መልእክት የሚጣልበት) ውስጥ ነው የሚገኘው።

የኮምቦልቻዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ብሩን ሁሉንም ባንዴ ልልቀቀው?

ኮድ ጸሐፊው፦ ኧረ አይሆንም! በትንሽ ብር ጥቂት ቀን ሞክሪው። ከዚያ በፊት የሠራልሽ ልጅ ፒክሰል (ሰው ገጹ ላይ የሚያደርገውን ለፌስቡክ የሚነግር ኮድ) አስገብቶ «ደውል» የተጫኑትን እንዲቆጥር ያድርገው። ገጹን የከፈተው ብዙ ሆኖ የሚደውል ከጠፋ፣ ብር ከመጨመርሽ በፊት ገጹን ነው የምታስተካክዪው።

የጦሳ ልጅ፦ አብሽሪ። ፎቶዎቹን ስትጨርሺ ሊንኩን እዚህ ጣዪው፤ ከደሴ በዳታ ከፍተን እናይልሻለን።