የካሽ ማብራሪያ እየጻፍኩ ሰብሚት ስል ይጠፋል፣ እናንተ የት ነው የምትጽፉት?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ነኝ። ጂኦካሺንግ ለማታውቁ፣ አንዱ ካሽ የሚባል ትንሽ ዕቃ ይደብቅና ኮርዲኔቱን ሳይት ላይ ያወጣል፣ ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እዚያው ይመልሰዋል። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው መንገድ አንድ ላስቀምጥ ነው። ግቢው ውስጥ አይደለም፣ አትጩሁብኝ! ማብራሪያውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ስለነገሡት ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ትንሽ ታሪክም አለው፣ ስለዚህ ረጅም ነው። ችግሩ፣ ሳይቱ ሳጥን ውስጥ ስጽፍ ስጽፍ እቆይና ሰብሚት ስለው "እንደገና ይግቡ" ይለኛል። ስገባ ሳጥኑ ባዶ። አንዳንዴ ደግሞ መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። ወላሂ ያንኑ ነገር ደግሞ መጻፍ ሰልችቶኛል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ጀበና፦
ወንድሜ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ አትጻፍ። ሳጥኑ መለጠፊያ ብቻ ነው። የምትተይበው ነገር ሰብሚት እስክትል ድረስ ያለው ያንተው ብሮውዘር ውስጥ ነው፣ ሰርቨሩ ምንም ስላልደረሰው ትተኸው የሄድክ ይመስለዋል፣ ከዚያ ሴሽኑን፣ ማለትም የገባህበትን ቆይታ፣ ይዘጋዋል። ኖትፓድ ላይ ጻፍና ሲያልቅ ለጥፍ።

ግን በግዕዝ ፊደል ስለምትጽፍ አንድ ነገር ልንገርህ። ላፕቶፕህ ላይ ያለው ዊንዶውስ የቆየ ከሆነ ኖትፓዱ ፋይሉን በኤኤንኤስአይ ነው ሴቭ የሚያደርገው፣ የግዕዝ ፊደል በማይዝ የድሮ አጻጻፍ ማለት ነው። የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ሳታነብ ኦኬ ካልክ በሌላ ቀን ስትከፍተው አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጠብቅሃል። ኦሮምኛውና እንግሊዝኛው በላቲን ስለሆኑ ምንም አይሆኑም፣ ለዚህ ነው ቶሎ የማይታወቅህ። "ሴቭ አዝ" ስትል ከታች ኢንኮዲንግ የሚለው ጋ ግዕዝንም የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8 ምረጥ። በፈረንጅ 2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ዝማኔ ወዲህ ራሱ ዩቲኤፍ-8 ላይ ነው።

ወርድ ላይ ደግሞ አትጻፍ። የጥቅስ ምልክቱን ጠምዛዛ ያደርገዋል፣ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) ውስጥ ከገባ ሊንክህ አይሠራም።

አዌቱ ማዶ፦
እኔ በኖትፓድ አልስማማም። መብራት ሲሄድ ሴቭ ያልተደረገ ኖትፓድ ከዚያ ሳጥን በምን ይሻላል? ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሰው ያውቀዋል። እኔ ስልኬ ላይ ነው የምጽፈው፤ አንድ አንቀጽ ስጨርስ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልከዋለሁ፣ ሴቭድ ሜሴጅስ የሚለው ውስጥ። ኔትወርክ ባይኖርም መልእክቱ የሰዓት ምልክቷን ይዞ ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይሄዳል። ዋናው ጥቅሙ ግን ቦታው ላይ ቆመህ መጻፍ መቻልህ ነው። ቤት ገብተህ "ዛፉ በግራ ነበር በቀኝ?" ማለት የለም።

ቦዬ፦
ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን "እንደገና ይግቡ" ካለ በኋላ ምን ይደረግ የሚለውን ማንም አልነካውም። ታቡን አትዝጋ። መጀመሪያ ባክ ተጫን፣ አንዳንዴ ብሮውዘሩ የጻፍከውን ይመልስልሃል። ከተመለሰ ሌላ ምንም ሳትነካ ሁሉንም ኮፒ አድርግ። ከዚያ ሳይቱን በሌላ ታብ ክፈትና እዚያ ግባ። ኩኪው (መግባትህን ብሮውዘሩ የሚይዝበት ምልክት) የጋራ ስለሆነ የድሮው ታብም አብሮ የገባ ይሆናል፣ ተመልሰህ ሰብሚት በል። እንቢ ካለም ኮፒው እጅህ ላይ ነው።

ከዚህ የሚሻለው ግን ገጹን ቀድሞ መፍጠር ነው። ርዕስና ኮርዲኔት ብቻ ሞልተህ ሴቭ አድርገው፣ በጂሲ የሚጀምር የካሹን መለያ ኮድ ይሰጥሃል። ሪቪወሩ፣ ካሾችን ለሳይቱ የሚመረምረው ሰው፣ አይቶ እስኪያወጣው ድረስ ሕዝብ አያየውም፣ ስለዚህ ጽሑፉን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ ሴቭ ማድረግ ትችላለህ። ፈቃድ ከማን እንዳገኘህም ለሪቪወሩ እዚያው ጻፍለት፣ ቅርስ አጠገብ ስለሆነ መጠየቅህ አይቀርም።

ኮርዲኔቱን ደግሞ ከሁሉ በፊት ሁለት ቦታ አስቀምጥ። ጽሑፍ ቢጠፋ ቁጭ ብለህ ትጽፈዋለህ፣ ኮርዲኔት ከጠፋ ግን የጅሬንን ዳገት እንደገና መውጣት ነው፣ ያውም በክረምት። ስትገለብጥም ተጠንቀቅ፤ ጉግል ማፕ 7.6733 ብሎ የሚሰጥህን ሳይቱ 7 ዲግሪ 40.398 ደቂቃ ብሎ ነው የሚጽፈው። ከነጥብ በኋላ ያለውን በ60 ታባዛለህ። ዝም ብለህ 7 ዲግሪ 67 ምናምን ብለህ እንዳትሞላው፣ ደቂቃ ከ60 አይበልጥም።

የጅሬን ልጅ፦
አቦ ተባረኩ። ባኩን ሞከርኩት፣ እንግሊዝኛው ተመለሰ፣ ሌላው የለም። የቴሌግራሙ ነገር ተመችቶኛል፣ አንቀጾቹን አሁን እየላክኩ ነው። ግን ላፕቶፕ ላይ ብዙ መልእክት አንድ ላይ መርጬ ኮፒ ሳደርግ ስሜና ሰዓቱ በየመሃሉ እየገባ ይመጣል፣ እሱን ማጥፋት ሌላ ሥራ ሆነብኝ።

አዌቱ ማዶ፦
አብረህ አትምረጣቸው። መልእክቱን ለየብቻ ራይት ክሊክ አድርግና ኮፒ ቴክስት በል፣ ጽሑፉ ብቻ ይመጣል። ወይም አዲስ አንቀጽ ከመላክ የድሮውን መልእክት ኤዲት እያደረግክ ጨምርበት፣ እስከ 4096 ፊደል ድረስ ይይዛል። ለአንድ ቋንቋ አንድ መልእክት ይበቃሃል።