ምክንያቱን የማይናገር ባልደረባ ይታመናልን?

አወያይ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሆስፒታልና በትራንስፖርት ከሰው ጋር በቡድን መሥራት ጀምሯል። ከውሳኔው እንዴት እንደደረሰ የማያስረዳን መሣሪያ ማመን ይገባልን?

የራጅ ሐኪም፦ አስቀድሞ ከተፈተነ ይገባል። ከ80,000 በላይ ሴቶች በተሳተፉበትና የመጀመሪያ ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ የስዊድን የጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጥናት፣ መሣሪያው የአብዛኞቹን ሴቶች ምስል ለአንድ ሐኪም፣ አጠራጣሪውን ደግሞ ለሁለት ሐኪሞች ሲያከፋፍል፣ የንባቡ የሥራ ጫና በ44 በመቶ ቀነሰ፤ የተገኘው ካንሰር ግን አልቀነሰም። ፓራሲታሞል ሕመምን የሚያስታግስበት መንገድ እንኳ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልታወቀም፤ እኛ ግን እናዝዘዋለን።

የበረራ መሐንዲስ፦ ዶክተር፣ ፓራሲታሞል መሪ አይቀማም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ባለቁበት አደጋ፣ ኤምካስ የተባለው የቦይንግ 737 ማክስ ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር የመጣን የተሳሳተ መረጃ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቷል። ከዚያ አደጋ ወራት ቀደም ብሎ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን እስኪከሰከስ ድረስ ደግሞ የአብራሪዎቹ መመሪያ ስለዚህ ሥርዓት አልገለጸላቸውም ነበር። መኖሩን እንኳ ያላወቁትን ባልደረባ በምን ይጠረጥሩታል?

የሶፍትዌር ባለሙያ፦ ሐዘኑ የሁላችንም ነው፤ ይሁን እንጂ ኤምካስ ሰው የጻፈለትን ቁርጥ ሕግ የሚከተል እንጂ ከመረጃ የሚማር አልነበረም። ጥፋቱ ሕጉን ከአብራሪዎቹ መሸሸግ ነው።

የበረራ መሐንዲስ፦ እውነት ነው። ሕጉ በጽሑፍ ያለው እንዲህ ካደረገ፣ ከመረጃ ተምሮ የያዘውን ሕግ ሠሪዎቹ እንኳ የማያነቡለት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይገምቱ።

የሕግ ባለሙያ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ተጠያቂነቱ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴምፒ ከተማ የኡበር ኩባንያ ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ ታቋርጥ የነበረችን ሴት ገጭቶ ገደለ። ምርመራው እንዳሳየው መኪናው ከ5 ሰከንድ በላይ ቀደም ብሎ አይቷት ነበር፤ ነገር ግን አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ብስክሌት እያለ በመደባት ቁጥር የቀድሞ እንቅስቃሴዋን ከስሌቱ ይጥል ነበር። መኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ስልኳን እያየች ነበር፤ ሥርዓቱም ያስጠነቀቃት ግጭቱ ሊደርስ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ነበር። በወንጀል የተከሰሰችው ግን እርሷ እንጂ ኩባንያው አይደለም። ለሰዓታት የማይሳሳትን ነገር እንዲጠብቅ የታዘዘ ሰው መዘናጋቱ የታወቀ ነው፤ ቡድኑን እንዲህ አዋቅሮ ሲያበቃ ቅጣቱን ለቅርቡ ሰው መተው፣ በእኔ እምነት፣ ፍትሕ አይደለም።

የራጅ ሐኪም፦ ይህን እቀበላለሁ። ስለዚህ ሐኪሙ የመሣሪያውን ውጤት ከማየቱ በፊት የራሱን ንባብ ይመዝግብ፤ ኋላ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ይለያል፣ ዓይኑም አይሰንፍም።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦ ያ ከሆነ ያተረፉት ጊዜ የት ይደርሳል?

የራጅ ሐኪም፦ ትርፉ የመጣው ቀድሞ ለእያንዳንዷ ሴት ምስል ይመደብ የነበረው ሁለተኛው አንባቢ ለአብዛኞቹ በመቅረቱ ነው። የመጀመሪያው አንባቢ አስቀድሞ ቢጽፍ የሚባክነው ጥቂት ነው፤ ቢበዛም እከፍለዋለሁ።