የአርቲፋክት (የኤምአርአይ ምስልን የሚያበላሽ የሐሰት ምልክት) ዕቅድ፦ ለጉባኤው ምን እናቅርብ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበሩ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ እስካሁን «የኤምአርአይ ምስል ጥራት እናሻሽል» ይላል፣ አለቀ። በዚህ ማንም እጁን አያወጣልንም። ጨበጥ የሚደረግ ነገር አምጡ።

ቴክኖሎጂስት፦ ከእንቅስቃሴ እንጀምር ባይ ነኝ፣ በየቀኑ የሚያማርረን እሱ ነው። ታካሚው ሲተነፍስ፣ ሲውጥ፣ ደም ሲመታ ምስሉ ላይ ጥላ ይደረደራል። እንቅስቃሴው በየትም በኩል ይሁን፣ ጥላው የሚደረደረው በፌዝ አቅጣጫ (ምስሉ መስመር በመስመር ቀስ ብሎ በሚሞላበት) ነው፤ በፍሪኩዌንሲ በኩል (በሌላው የምስሉ አቅጣጫ) አንድ መስመር በሚሊሰከንዶች ሲነበብ የፌዝ መስመሮቹ እስኪሞሉ ግን ደቂቃዎች ይሄዳሉና። ሳጂታል (ከጎን የሚታይ) የወገብ ምስል ላይ ፌዙ ከፊት ወደ ኋላ ከሆነ የሆዱ ጥላ ሄዶ አከርካሪው ላይ ያርፋል። ፌዙን ከራስ ወደ እግር ስታዞሩት ጥላው ከአከርካሪው ይርቃል። ከፊት ሳቹሬሽን ባንድ (የዚያን ቦታ ሲግናል የሚያጠፋ ቀበቶ) ማስቀመጥም ይረዳል። ይሄን የማያደርግ ክፍል ካለ እንዲያደርግ እንጻፍ።

የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፦ ልክ ነው፣ ግን ፌዙን ያዞረ ሰው ወዲያው ሌላ ጣጣ ይገጥመዋል። ከራስና ከእግር በኩል የቀረው አካል ተጠቅልሎ ምስሉ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኦቨርሳምፕሊንግ (ከሚፈለገው ቦታ አልፎ ማንሳት) ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ሰዓት ይበላል፣ ሰዓቱ ሲረዝም ታካሚው ይንቀሳቀሳል። ኬሚካል ሺፍትም (ስብ ከቦታው ተንሸራቶ መታየቱ) እንደዚያው ነው። የስብና የውሃ የፍሪኩዌንሲ ልዩነት 1.5 ቴስላ (የማግኔቱ ኃይል መለኪያ) ላይ 220 ኸርዝ ገደማ፣ 3 ቴስላ ላይ 440 ገደማ ነው። ባንድዊድዙ (ስካነሩ የሚቀበለው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) በፒክስል 220 ኸርዝ ከሆነ 1.5 ላይ ስቡ አንድ ፒክስል ይሸሻል፣ 3 ላይ ሁለት። ባንድዊድዙን እጥፍ አድርጉት፣ ሽሽቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሲግናልና የኖይዝ (የጠቃሚው ምልክትና የረብሻው) ምጥጥን ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የመፍትሔ ሠንጠረዥ የምናዘጋጅ ከሆነ «በምትኩ ምን እናጣለን» የሚል ዓምድ ይኑረው። ያለሱ እኔ አልፈርምም :)

ራዲዮሎጂስት፦ ዓምዱን ደግፌያለሁ። ከኔ በኩል፣ በግልጽ የተበላሸ ምስል ብዙም አያሳስበኝም፣ ማንም ያየዋል። የሚያስፈራኝ በሽታ መስሎ የሚመጣው ነው። የጊብስ መስመር (ከደማቅ ጠርዝ አጠገብ የሚደረደር የሐሰት መስመር) ኅብለ ሰረሰር ላይ ሲያርፍ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ ይመስላል። ጅማት ከዋናው ማግኔቲክ ፊልድ ጋር 55 ዲግሪ አካባቢ ሲያዘነብል ደግሞ አጭር ቲኢ (ሲግናሉ እስኪነበብ የሚጠበቅ ጊዜ) ባለው ሲኩዌንስ (የማንሻ ዘዴ) ላይ ይነጣል፣ የተጎዳ ይመስላል፤ ቲኢው ሲረዝም ይጠፋል። እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ ክፍል ይሁኑ፣ ከነምስላቸው።

የባዮሜዲካል መሐንዲስ፦ እባካችሁ እኛንም አስቡን። ስትደውሉ «ምስሉ ተበላሸ» ብቻ ትላላችሁ። ምስሉን አቋርጦ የሚሄድ ነጠብጣብ መስመር ካያችሁ መጀመሪያ በሩን እዩ፣ በደንብ ተዘግቷል? ስካነሩ 1.5 ቴስላ ላይ የሚያዳምጠው 64 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፣ ከውጭ የገባ ወይም ክፍሉ ውስጥ ያለ መሣሪያ የሚለቀው ሞገድ እዚያው ላይ ይጻፍለታል። ምስሉ ሙሉ በሙሉ ሽመና መስሎ ከተሰነጣጠረ ግን ሌላ ነው፣ ብልጭታ አለ ማለት ነው፤ የላላ ግንኙነት ወይም ደረቅ አየር ሊሆን ይችላል። የተበላሸውን ምስል አትሰርዙብን! ኮይሉን (ሲግናል መቀበያውን)፣ ሲኩዌንሱን፣ የፌዝ አቅጣጫውንና የክፍሉን እርጥበት ጻፉልን።

ቴክኖሎጂስት፦ እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። መዝገብ ጥሩ ነው፣ ግን አለቃ እጅ ሲገባ «ማን ስንት ምስል ደገመ» ወደሚል ይዞራል። ያኔ የሚጽፍ ሰው አናገኝም። የሠራተኛ ስም ፎርሙ ላይ አይኑር።

ራዲዮሎጂስት፦ እኔ ግን ሠራተኛው ቢታወቅ ለሥልጠና ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ቴክኖሎጂስት፦ ዶክተር፣ ሥልጠናውን ለሁሉም ስጡን፣ ስሙ ይቅር።

ራዲዮሎጂስት፦ እሺ፣ ተስማምቻለሁ። በምትኩ በየወሩ የተመረጡ ምስሎች ላይ አብረን እንቀመጥ።

የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፦ ብረትስ? ታካሚው ውስጥ ስለ ተተከለ ብረት ማንም አላነሳም። ግራዲየንት ኤኮ የተባለውን ሲኩዌንስ ስፒን ኤኮ በተባለው መተካት፣ ባንድዊድዝ ማስፋት፣ ስብ ለማጥፋት ፋት ሳት የተባለውን ዘዴ ትቶ ስቲር የተባለውን መጠቀም፤ ሦስቱ ይበቁናል። የተከላው ደኅንነት ማጣራት ከዚህ ጋር አይደባለቅ፣ እሱ የራሱ መመሪያ አለው።

አስተባባሪ፦ በጣም ጥሩ። እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይሁን፦ «ማኅበሩ የሠራተኛ ስም የሌለበት የጋራ የአርቲፋክት መዝገብ፣ መፍትሔውን ከሚያስከፍለው ጋር የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ በሽታ የሚመስሉ አርቲፋክቶች የምስል ስብስብና ወርኃዊ የጋራ ግምገማ እንዲጀምር እንጠይቃለን።» ታካሚ የሚታወቅበት መረጃ ከምስሎቹ ይውጣ። ሠንጠረዡን የፊዚክስ ባለሙያው፣ ፎርሙን መሐንዲሱና ቴክኖሎጂስቷ፣ ምስሎቹን ዶክተር። ፎርሙ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፣ ታካሚ ተራ እየጠበቀ ሁለተኛ ገጽ የሚሞላ የለም።

ቴክኖሎጂስት፦ ግማሽ ገጽ አድርጉት።