መልሕቁን ሳልናገር ጥዬ በመርከባችን እስር ቤት ታሰርኩ፤ ጥፋቱ ምን ያህል የእኔ ነው?

አዲስ መርከበኛ (ጠያቂ)

ሲ ኦፍ ቲቭስ የተባለውን የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ መጫወት ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እስካሁን በትንሿ መርከብ፣ በስሉፕ፣ ብቻዬን ወይም ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስጫወት ቆይቼ ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስት የማላውቃቸው ተጫዋቾች ጋር በአራት ሰው በምትነዳው ትልቋ መርከብ፣ በጋሊዮን፣ ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር፤ ከደሴት ደሴት እየዞርን ሣጥን ቆፍረን አወጣን፣ ለአንድ የንግድ ማኅበር መሥራታችንን የሚያሳየው የኤሚሳሪ ባንዲራችንም የመጨረሻው፣ አምስተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። በመካከሉ አንዲት ብሪጋንቲን (መካከለኛዋ፣ የሦስት ሰው መርከብ) በሩቁ ቀርባ በድምፅ ማጉያው ጡሩምባ ሰላም ብላን ነበር፤ ትብብር ይፈልጉ እንደሆነ እንጃ፣ ከእኛ አንዱ የማይደገም ስድብ መለሰላቸውና ሁሉም ስቆ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ያገኘነውን ልንሸጥ ወደ ወደብ ስንቃረብ ያችው ብሪጋንቲን ከኋላችን ብቅ ብላ መተኮስ ጀመረች። እኔ የቆምኩት ከመልሕቁ መዘውር አጠገብ ስለነበር፣ መርከባችን ብትቆም ተረጋግተን ማነጣጠር እንችላለን ብዬ አሰብኩና ለማንም ሳልናገር መልሕቁን ጣልኩት። መርከቧ ባለችበት ተገትራ ቀረች። ጠላቶቻችን መድፎቻችን ወደማይደርሱበት ወደ ኋላችን ዞረው እየደጋገሙ ይመቱን ጀመር፤ «መልሕቁን ማን ነው የጣለው?» የሚል ጩኸት ስሰማ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደነገጥኩና ዝም አልኩ። መዘውሩን ብቻዬን ስገፋ ያዩኝ ጊዜ ስድቡ ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፅ ሰጥተውም ታችኛው ወለል ላይ ባለው እስር ቤት አስገቡኝ። በፍርግርጉ በኩል ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ ተነሥቶ ወገቤ ላይ ሲደርስ እያየሁ፣ ከፊት ለፊቴ ያለውን ቀዳዳ ቢፈቱኝ ልደፍነው ስችል እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። መርከባችንም ከነሀብቱ ሰጠመች።

ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስሳፈር ከእኔ የሚጠበቀው ምግባር ምንድን ነው? ያደረጉብኝስ ተገቢ ነበር? በቅንነት ብትነግሩኝ አልቀየምም።

ባለመሪ

ጠያቂያችን፣ መልሕቅ መጣልዎ ስሕተት እንጂ ነውር አይደለም። ይህን ጨዋታ ከተጫወትን መካከል ያለቦታው መልሕቅ ያልጣለ፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ወደ ውጭ እደፋለሁ ብሎ ወደ መርከቧ መልሶ ያልደፋ፣ የባሩድ በርሜል ከመሪው አጠገብ አስቀምጦ ያልፈነዳበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ነውሩ ያለው ዝምታዎ ላይ ነው፤ እሱም ሁለት ጊዜ፦ መጀመሪያ ከመጣልዎ በፊት፣ ቀጥሎም ሲጠየቁ።

ነገሩን ከመሪው በኩል ሆነው ይመልከቱት። በጋሊዮን ሦስቱም ምሰሶ ላይ ያሉት ሸራዎች ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ መሪውን የያዘው ሰው ፊት ለፊቱን አያይም ማለት ይቻላል፤ የሚያየው ሸራ ነው። ዐለት ይኑር፣ ደሴት ይኑር፣ ሌላ መርከብ ይምጣ የሚያውቀው ከፊት የቆመ ወይም ምሰሶው ላይ የወጣ ባልደረባው ሲነግረው ብቻ ነው። ካርታው ደግሞ ያለው ከታች ስለሆነ አቅጣጫውንም ከሰው አፍ ይሰማል። ታች ቀዳዳ የሚደፍነው ሰው በበኩሉ ከላይ ምን እየተደረገ እንደሆነ አያውቅም፤ መድፈኛውም መርከቧ ወዴት ልትዞር እንደሆነ ካልተነገረው ያነጣጠረው ሁሉ ባሕር ይበላዋል። እንዲህ ባለ መርከብ ላይ ጨዋነት «እባክዎ» እና «አመሰግናለሁ» ማለት ብቻ አይደለም (እነዚህንም አልጠላም)፤ ጨዋነት የምሠራውን ለሌላው ማሰማት ነው። «መልሕቅ ልጥል ነው»፣ «ሸራውን ወደ ግራ አዙሬዋለሁ»፣ «ታች ሁለት ቀዳዳ አለ፣ እኔ ይዤዋለሁ»፣ «ሞቻለሁ፣ መድፉ ባዶ ነው» ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ማይክ ከሌለዎት ወይም ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ካለ፣ ጨዋታው ራሱ ያዘጋጃቸውን አጫጭር መልእክቶች እየመረጡ መላክ ይችላሉ።

«ማን ነው የጣለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ «እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ ኑ አብረን እናንሣው» ቢሉ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። የጋሊዮንን መልሕቅ ብቻውን ለሚገፋ ሰው መዘውሩ ተራራ ነው፤ ሁለት ሦስት ሆነው ሲገፉት ግን በፍጥነት ይነሣል። ጥፋቱን የደበቀ ሰው የሚያጣው ይቅርታን ብቻ ሳይሆን ያን የሚያግዘውን ክንድ ጭምር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሳፈሩ በመጀመሪያው ደቂቃ «አዲስ ነኝ፣ በጋሊዮን ወጥቼ አላውቅም፣ ሥራ ስጡኝ» ይበሉ። ብዙ ጊዜ እንዳየሁት ይህን የሚል ሰው ይወደዳል፤ ሁሉን የሚያውቅ መስሎ ገብቶ ሸራውን ከነፋሱ በተቃራኒ የሚያዞር ሰው ነው የሚያናድደው።

ጠጋኝ

እኔ በነበርኩበት ኖሮ አላስርዎትም ነበር፤ አዝኜልዎት ግን አይደለም። ውሃ እየሞላ ባለ መርከብ ላይ አንድ ባልዲ የሚይዝ ሰው ቆልፎ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ብልኅነት ነው? ከአራት ሰው አንዱን ሲያስሩ ሦስት ይቀራሉ፤ አንዱ መሪ፣ አንዱ መድፍ ሲይዝ ቀዳዳውን ሁሉ የሚደፍነውና ውሃውን የሚቀዳው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያሰጠማችሁ መልሕቁ ሳይሆን እስሩ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እስር ቤቱ በጨዋታው ውስጥ የተቀመጠው ለሌላ ዓይነት ሰው ነው። የመርከቡን መድፍ አረር ሁሉ ባሕር ላይ የሚጨርስ፣ ሆን ብሎ ባሩድ የሚያፈነዳ፣ ሀብታችን ያለበትን ለጠላት የሚጠቁም ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። አንዱማ ማዕበል ውስጥ ገብተን ኮምፓሱ እየተሽከረከረ፣ መሪው ከእጄ እየተፈተለከ፣ መጠጥ ጠጥቶ በባልዲ ያስመለሰውን ፊቴ ላይ ደፋብኝና መላው ስክሪኔ አረንጓዴ ሆነ። እሱን ያለ ጸጸት ነው ያሰርኩት። (ሲፈታ ይቅርታ ጠይቆ በሙዚቃ መሣሪያው አጫወተን፤ እስከ ዛሬም አብረን እንጫወታለን።)

ለአዲስ ሰው ግን ከሁሉ የሚሻለው ሥራ የእኔ ሥራ ነው። ታች ይውረዱ፣ መጀመሪያ የታችኛውን ወለል ቀዳዳ ይድፈኑ፣ ከዚያ ይቅዱ። ደሴት ላይ ሲወርዱ ደግሞ በየበርሜሉ ያገኙትን ጣውላና አረር ኪስዎ ውስጥ ይዘው አይዙሩ፤ አንድ ሰው መሸከም የሚችለው የመድፍ አረር 10 ብቻ ሲሆን እሱንም ይዘው ከሞቱ መድፈኛው ባዶ በርሜል ይጠብቀዋል። ተመልሰው የመርከቡ በርሜል ውስጥ ይጨምሩ። ይህን ሳይነገረው የሚያደርግ አዲስ ሰው ካየሁ የጓደኝነት ጥያቄ የምልክለት እኔው ነኝ።

ሰንደቅ

ሁለቱም መልስ ጥሩ ነው፤ ይሁንና ሁላችሁም ስለ መልሕቁ ስትከራከሩ ጠያቂው እንደዋዛ ጥሎት ያለፈውን ነገር ዘለላችሁት። ያቺ ብሪጋንቲን ሰላም ስትል የመለሳችሁላት ስድብ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ አምስተኛ ደረጃ ባንዲራችሁን አውለብልባችሁ፣ ሀብት ተሸክማችሁ ወደ ወደብ ስትገቡ መጣች። የምትመጣ አይመስላችሁም ነበር?

አንዳንድ ሰው ጨዋነት ለባልደረባ ብቻ የሚገባ፣ ከመርከቡ ውጭ ያለው ሁሉ ግን የሚሰደብ ይመስለዋል። የባሕር ወንበዴ መሆናችን እውነት ነው፤ ማጥቃት፣ ማሳደድ፣ ተደብቆ የሌላውን መርከብ መውጣት፣ የሀብት ሣጥን መስረቅ የጨዋታው አካል ነውና ማንም በዚህ ሊቀየም አይገባም። ሰውየውን በዘሩ፣ በጾታው፣ በእናቱ መስደብ ግን ወንበዴውን ትቶ ከስክሪኑ በስተጀርባ የተቀመጠውን ሰው መምታት ነው። ከውጊያ በኋላ ተሸናፊውን በጡሩምባ «ጥሩ ተዋግታችኋል» ማለት ምንም አያስከፍልም፤ እኔ ሰጥሜ ይህን የሰማሁባቸው ምሽቶች ካሸነፍኩባቸው ይልቅ ትዝ ይሉኛል።

ሒሳቡም ቢሆን ይታሰብ። ሁለት መርከቦች የትብብር ሰንደቅ ሰቅለው ከተስማሙ፣ አንዷ ሀብት ስትሸጥ ሙሉ ዋጋውን ታገኛለች፤ ሌላዋ ደግሞ የዋጋውን 50 በመቶ ታገኛለች፣ ከሻጯ ድርሻም ምንም አይቀነስም። በአንዲት መርከብ ውስጥም ቢሆን ሣጥኑን ማንም ይሸጠው፣ ወርቁ ለአራቱም እኩል ሙሉ በሙሉ ይገባል እንጂ አይከፋፈልም። «ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ» የሚባል ጭቅጭቅ ጨርሶ ቦታ የለውም ማለት ነው። በርግጥ ተባባሪ መስሎ መጥቶ ሌሊቱን ሙሉ አብሮ ሠርቶ በመጨረሻ የሚከዳ አለ። እሱንም ጨዋታው ይፈቅዳል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው በሌላ ቀን ሰላም ቢለኝ መልሴ መድፍ ነው። ስለዚህ ሰንደቁን ከመስቀላችሁ በፊት አራታችሁም ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ አንዱ በጡሩምባ ሰላም እያለ ሌላው መድፍ ሲተኩስ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ታሪክ ለሚወድ ሰው ደግሞ፣ እውነተኞቹም ወንበዴዎች በዚህ ጉዳይ እንደምናስበው ልቅ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ከ1719 እስከ 1722 ድረስ በአትላንቲክ ላይ ብዙ መርከቦችን የማረከው ባርቶሎሚው ሮበርትስ መርከበኞቹ የሚፈርሙበት ደንብ ነበረው። በዚያ ደንብ እያንዳንዱ ሰው በጋራ ጉዳይ ላይ ድምፅ አለው፤ መርከቡ ላይ እርስ በርስ መማታት ክልክል ነው፣ ጠበኞች ጉዳያቸውን የሚጨርሱት የብስ ላይ ወርደው ነው። የሮበርትስን ሰዎች ገር ነበሩ የሚላቸው የለም። ነገር ግን ባሕር መካከል የሚጣላ ቡድን እንደማያዋጣ ገብቷቸዋል። ከመስጠማችሁ በፊት ተጠያቂ ስትፈልጉ የነበራችሁት እናንተም ጠቡን እስከ ወደብ ብታቆዩት ኖሮ ሀብቱም ይተርፍ ነበር።

አዲስ መርከበኛ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለመሪ ያሉት ስለ ዝምታዬ ልክ ነው፤ ስለ ስድቡ የተነሣውን ግን፣ እኔም አብሬ የሳቅኩ ስለሆንኩ፣ ሳነበው አፈርኩ።

ትናንት ማታ ከሁለት ሰዎች ጋር በብሪጋንቲን ወጣሁ። ገና ስገባ «አዲስ ነኝ፣ ባለፈው መልሕቅ ጥዬ ጋሊዮን አስጥሜያለሁ» ብዬ ተናገርኩ። መሪውን የያዘችው ልጅ ስቃ ስቃ ስታበቃ «እንግዲያውስ የዛሬው የመልሕቅ ኃላፊ አንተ ነህ፤ እኔ ሳልልህ እንዳትነካው ብቻ» አለችኝ። አንዲት ስሉፕ ስታሳድደን መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞረችና «አሁን!» ስትል ጣልኩት፤ መርከቧ በአፍንጫዋ ተሽከርክራ የጎን መድፎቻችን ቀጥ ብለው ስሉፗ ላይ ዞሩ። ሦስተኛው ልጅ ሲተኩስ እሷ መሪዋን ትታ መጥታ መዘውሩን አብራኝ ገፋች። በአንድ ድርጊት አንድ ጊዜ የታሰርኩበት ሰው በሌላ ጊዜ ሲጨበጨብለት ይገርማል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኩለ ሌሊት ላይ ሥራ ስላለብኝ መውጣት ነበረብኝ፤ ሀብቱ ገና አልተሸጠም ነበር። ዝም ብዬ ብወጣ እንዳያስቀይም ብዬ እስኪሸጥ ድረስ አንድ ሰዓት ቆየሁ፣ ዛሬም ሲያንጎላጀኝ ዋለ። መውጣት ነውር ነው?

ባለመሪ

አይደለም። የሚወጡበትን ሰዓት ግን ሲገቡ ይንገሩ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ያስታውሷቸው፤ ያን ጊዜ አዲስ ጉዞ ከመጀመር ይልቅ ያላቸውን ይዘው ወደ ወደብ ይዞራሉ። ሳይሸጥ ከወጡ ወርቁ ስለማይደርስዎ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። በኪስዎ ያለውን ጣውላና አረር ግን ከመውጣትዎ በፊት በርሜሉ ውስጥ ይመልሱላቸው፤ ጠጋኝ እንዳይቆጣ።

ጠጋኝ

እቆጣለሁ።